በላንጋኖ ዳር ቅዳሴ የቀረበት ፋሲካ

ባለፈው ሰሞን ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪዬ ተከትሎኝ መጣና፤ «መምህር፣ በኮሮና ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መዘጋቱ ልክ ነበር ወይስ ስሕተት?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርና ነገሩን የሚያውቀው እኛ የኅዳር በሽታን እንደምናውቀው በወሬ ነው። መልሱን ሳልጀምር ደወል ተደወለ፤ እሱም ወደ ሚቀጥለው ትምህርቱ፣ እኔም ወደ መምህራን ማረፊያ ሄድን። ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ አብሮኝ ራት በላ።

መልስ ለመስጠት ያልቸኮልሁበት ምክንያት አለኝ። ልጁ ሲጠይቀኝ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ሊቃውንቱም ሐኪሞቹም አልነበሩም፤ አያቴ ነበሩ።

ላንጋኖን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በመዝናኛነቱ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዝዋይንና ቡልቡላን አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ ውኃው ዳር መድረስ፤ ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ በመሰለው ሐይቅ መዋኘት፤ ማታ ደግሞ ዓሣ አስጠብሶ መብላት። ከሆቴሎቹ አጥር ወዲያ ግን ሌላ ላንጋኖ አለ። የበቆሎ ማሳ፣ የግራር ጥላ፣ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች፣ በአህያ ውኃ የሚያመላልሱ እናቶች ያሉበት ላንጋኖ ነው። አያቴ የሚኖሩት በዚህኛው ነው። በ2012 ዓ.ም. እኔ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ በመጋቢት ወር ተማሪው ሁሉ ወደ የቤቱ ይሂድ ሲባል፣ ልብሴንና ጥቂት መጻሕፍቴን ሸክፌ የወረድሁት ወደ እሳቸው ቤት ነው።

ቤተሰባችን ካቶሊክ ነው። በአገራችን ይህ ብዙ ሰው የሚጋራው ነገር አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከመቶ 0.7 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በእኛ መንደር ዙሪያ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሱና ጴንጤውም አለ። እኛ በመሀሉ እንደ ጨው ቅንጣት ተበትነናል። የምንተዳደረው በመቂ ሀገረ ስብከት ሥር ሲሆን፣ ይህ ሀገረ ስብከት በ1972 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1984 ዓ.ም. ወደ ሐዋርያዊ ቪካርያት ደረጃ ከፍ ብሏል። ምሥራቅ ሸዋንና አርሲን የሚያካልል ሰፊ አገር ስለ ሆነ ካህናቱ ለሁሉም አይዳረሱም። አባ ወደ እኛ ጸሎት ቤት የሚመጡት መንገዱና መኪናው ሲፈቅድላቸው ነበር። በሌላው እሑድ ካቴኪስቱ ወንጌል ያነብልናል፤ መዝሙር እንዘምራለን፤ ጸሎት አድርሰን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እንግዲህ ካህን የሌለበት እሑድ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነብን ሰው የሌለበት እሑድ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የዓለም የጤና ድርጅት ወረርሽኙን ዓለም አቀፍ ብሎ የጠራው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ዐዋጁን ተከትሎ በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ እንኳ ተከለከለ። ሰላምታ ሳይለዋወጥ ማለፍን እንደ ስድብ በሚቆጥር አገር ይህን በሕግ መከልከል ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ አሁን ሲያስቡት ይገርማል። የሃይማኖት መሪዎች ለአንድ ወር በቴሌቪዥን ጸሎት አደረሱ፤ ሕዝቡም በየቤቱ ሆኖ ተከተለ። ቴሌቪዥን ያለው ማለቴ ነው።

ለካቶሊክ ሰው ነገሩ የሚከብድበት አንድ የተለየ ምክንያት አለ፤ ሌላው አንባቢ ይህን ካልተረዳልኝ የአያቴን ነገር ሊረዳልኝ አይችልም። በእኛ ዘንድ የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ ነው። ከቅዳሴውም ዋናው ነገር ቅዱስ ቁርባኑ ነው፤ ምእመኑ ራሱን አዘጋጅቶ በየሳምንቱ፣ ቢችልም በየዕለቱ እንዲቆርብ ይመከራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ደግሞ፣ ማንም አማኝ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በፋሲካ እንዲቆርብ ደንግጓል። ጸሎትን በራዲዮ መስማት ይቻላል፤ ስብከትንም እንዲሁ። ቁርባን ግን በሞገድ አይላክም። ጳጳሱ እሑድ እሑድ የመገኘቱን ግዴታ ሊያነሡልህ ይችላሉ፤ ረኃቡን ግን ሊያነሡልህ አይችሉም።

በሮም ነፍስ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከየካቲት 30 ቀን ጀምሮ በየማለዳው የሚያሳርጉት ቅዳሴ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። መጋቢት 18 ቀን ምሽት ደግሞ ዝናብ በሚዘንብበት ባዶው የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ብቻቸውን ሲጸልዩ ዓለም ተመለከታቸው። በዚያ ምሽት ከሳን ማርቼሎ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጥንታዊ መስቀል አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ያ መስቀል በ1522 የሮም ሰው ወረርሽኝ ገብቶበት በየመንገዱ ተሸክሞት የዞረው ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ መስቀሉን ከቦ ተሰብስቧል፤ በእኛ ዘመን መስቀሉ ባዶ አደባባይ ላይ ቆመ። እኔ ይህን ያየሁት ከብዙ ቀን በኋላ በአንድ ጓደኛዬ ስልክ ነው። አያቴ ግን እስከ ዛሬ አላዩትም፤ ነገሩን ስነግራቸው «በዝናብ? ጃንጥላ የሚይዝላቸው ሰው ጠፋ?» ብለው አዘኑላቸው።

የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። በኢትዮጵያ ካቶሊኮችም በዓሉን የሚያከብሩት በአገሩ ባሕረ ሐሳብ ነውና ከጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶች ጋር አንድ ቀን ነው። ቅዳሜ ወደ ማታ አያቴ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ጧፋቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። «እማማ፣ ተዘግቷል እኮ» ብላቸው «ዐውቃለሁ» አሉኝ። ያውቁ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ተከተልኋቸው።

የጸሎት ቤቱ የቆርቆሮ በር በሰንሰለት ታስሯል። በሩ አጠገብ አንድ ወጣት የቀበሌ ሠራተኛ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ሙስሊም ነው። በአፉ ላይ ያሰረው መሸፈኛ ከመታጠቡ ብዛት ሳስቷል፤ የሚሰጠው ሌላ አልነበረም። እንዳየን ተነሣ።

«እማማ፣ አይቻልም።»

«ምኑ ነው የማይቻለው ልጄ?»

«መግባቱ። ትእዛዝ ነው።»

«አባ ውስጥ የሉም?»

«የሉም።»

«ጌታስ?»

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ መሬት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፤ «እሱንስ እኔ አላውቅም፣ እማማ» አላቸው። ከዚህ የተሻለ መልስ ሊሰጥ የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አያቴ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አፈር ላይ ተንበረከኩ። ጧፉን አበሩ፤ የሐይቁ ነፋስ አጠፋባቸው፤ ደግመው አበሩ። መቁጠሪያቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙ። ልጁ አላባረራቸውም፤ በሩንም አልከፈተላቸውም። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቆመ። ጨለማው ሲበረታ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ እስከ ደጃችን ሸኘን። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን፣ ረመዳን ገባ። ያ ልጅ ደግሞ አባቱ የሚሰግዱበትን መስጊድ ሊጠብቅ ተመደበ። ምሽት ላይ አፍጥር ሲደርስ ብቻውን በበሩ ላይ ተምር ሲበላ አይቼዋለሁ።

አንባቢዬ ምናልባት ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ከሆነ፣ ይህ ልጅ ያጋጠመው ነገር እሱንም ሳያጋጥመው አይቀርም። ውሳኔው የሚወሰነው ሩቅ ነው፤ የአሮጊቷን ፊት የሚያየው ግን በሩ ላይ የቆመው ነው።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። መዝጋቱ ልክ ነበር ወይ?

«እምነት ያለው ሰው በሽታ አይፈራም» የሚል ሰው በዚያ ወራት በየመንደሩ ነበር። ለዚህ አነጋገር ታሪክ ሁለት መልስ አስቀምጧል። አንደኛው የስፔይን ከተማ የሳሞራ ነው። በ1918 በፈረንጅ አቆጣጠር ያ ታላቁ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ፣ የከተማዪቱ ጳጳስ መዓቱ የኃጢአታችን ውጤት ነው ብለው ሕዝቡን በየማታው ለዘጠኝ ቀን ጸሎት ካቴድራል ሰበሰቡት። ምእመኑ ተሰልፎ ንዋየ ቅድሳት ይሳለም ነበር። በመጨረሻ ሳሞራ ከስፔይን ከተሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሞተባቸው ከፊተኞቹ ተርታ ተገኘች። ጳጳሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከሕዝባቸውም አልተለዩም። ነገር ግን በሽታው ቅን ልብ ያለውንና የሌለውን አይመርጥም።

ሁለተኛው የሚላኖው ጳጳስ የቅዱስ ካርሎስ ቦሮሜዎ ነው። በ1576 ወረርሽኝ ገብቶ ሰዉ በየቤቱ ተዘግቶ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ፣ ቦሮሜዎ በየመንገዱ መገናኛ ላይ መሠዊያ አቆሙ። ሰው በየመስኮቱ ቆሞ ቅዳሴውን አስቀደሰ፤ ደወል በቀን ሰባት ጊዜ ሲደወል ከየቤቱ ጸሎት ይመለስ ነበር። እኔን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። ሰዉን ከሞት የሚጠብቀውን ክልከላ አክብሮ፣ መሠዊያውን ግን ወደ ሰዉ ማውጣት።

የተዘጋ ክፍልና የብዙ ሰው መዝሙር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በእኛው ዘመን በአሜሪካ ታይቷል። መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በዋሺንግተን ስቴት ስካጂት በሚባል አውራጃ 61 መዘምራን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማመዱ። ከመካከላቸው አንዱ ጉንፋን የመሰለ ነገር ነበረበት። ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። በኢጣልያ የቤርጋሞ ሀገረ ስብከት በዚያው ወር ብቻ ከ20 በላይ ካህናት አልቀዋል። ይህን ሁሉ ዐውቆ «በሩን ክፈቱት» ማለት ለእኔ ይከብደኛል። በዚያ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ወጣቱ ከኋላ ሆኖ በሙሉ ድምፅ ይዘምራል። አያቴ ከፊት ከሚቀመጡት አንዷ ናቸው።

የእኛም አገር ይህን መከራ ቀምሶታል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ያ የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነበር፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በከተማዪቱ ከ10,000 ሰው በላይ እንዳለቀ መዝግበዋል። በዓመት በዓመት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ልጅ ሳለሁ ጭሱን እወደው ነበር፤ ምን እንደምናጥን ግን የነገረኝ አልነበረም። የ2012ቱ ወረርሽኝ እንዲህ ያለ ቀን እንኳ አልተወልንም። መሸፈኛውን ጣልነው፤ ረሳነው።

ስለዚህ መልሴ፤ መዝጋቱ ልክ ነበር የሚል ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሜ ብተወው ተማሪዬን ያታለልሁት ይመስለኛል።

አያቴ ከፋሲካ በኋላ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ማንም አልመለሰላቸውም። «ገበያው ተከፍቶ ቤተ ክርስቲያን ለምን ይዘጋል?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በገበያ ቀን ሰዉ እህልና በርበሬ ለመግዛት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋ ነበር። ሰው ሳይበላ ሊኖር አይችልም የሚል መልስ ሰጠኋቸው። እሳቸውም፤ «እኔስ ምን እያልሁህ ነው?» አሉኝ። በዚህ ላይ የምጨምረው አጣሁ። የገበያው አየር ክፍት ነው፣ የጸሎት ቤቱ ዝግ ነው ብዬ ልከራከር ስጀምር፣ ራሴ ባመጣሁት ክርክር ተያዝሁ፤ እንግዲያው ለምን በሜዳ አልሆነም? አገራችን እንደ ሚላኖ ጠባብ መንገድ አይደለም። በላንጋኖ ዙሪያ ከግራር በታች ያለው ሜዳ መቶ ሰው አራርቆ ያስቀምጣል፤ ዝናቡም ገና ነበር። ደንቡ ከአራት በላይ መሰብሰብን በሜዳም በቤትም ከልክሏልና በሚያዝያ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከደንቡ ቀጥሎ በመጡት ወራት፣ ክልከላው እየላላ ሲሄድ እንኳ፣ እኛ የምናስበው ስለ በሩ መከፈት እንጂ ስለ ዛፉ አልነበረም። ቀድሞ አባቶቻችን ያለ ሕንፃ ያመልኩ እንዳልነበር ያህል። ጻድቁ አቡነ ያዕቆብ በ1830ዎቹ በትግራይ ሥራቸውን ሲጀምሩ የጀመሩት በካቴድራል አልነበረም።

ወይም የጃፓኖቹን ነገር ተመልከቱ። በናጋሳኪ አካባቢ የነበሩ ካቶሊኮች እምነታቸው በሞት የሚያስቀጣ ሆኖ ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን ኖረዋል። ሕፃናቱን ራሳቸው እያጠመቁ፣ ጸሎቱን በቃል እያወረሱ ቆይተው፣ በ1865 መጋቢት ወር በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ ወደ ተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለፈረንሳዊው ካህን ማንነታቸውን ገለጡ። በሦስት ወር ቅዳሴ መቅረት እምነት ይጠፋል የሚለውን ሰው ይህ ታሪክ ዝም ያሰኘዋል። ነገር ግን ከዚያው ታሪክ ሌላም ነገር ይታየኛል። እነዚያ ሰዎች የቆዩት ተገናኝተው ነው። በስውርም ቢሆን ሰው ከሰው ጋር ጸልዮአል፤ ከእኛ የተወሰደው ግን በትክክል ይህ ነበር። ስልክ ያለው በስልክ ተጠያየቀ። አያቴ ስልክ የላቸውም።

በክረምቱ አንድ የመንደራችን ሽማግሌ ሞቱ፤ በኮሮና ይሁን በሌላ አልተመረመሩም። አባ በጭቃው መንገድ በሞተር ብስክሌት መጥተው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ሳይረፍድ ምሥጢረ ቀንዲል ፈጸሙላቸው። ለቀብሩ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ ስለ ነበረ ዕድሩ ድንኳን አልተከለም። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ውጭ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ «ለምን ተዘጋ» ማለትን ተዉ። የተዉት ተስማምተው ነው ወይስ ተስፋ ቆርጠው፣ ጠይቄአቸው አላውቅም።

ጸሎት ቤቱ እንደገና የተከፈተ ዕለት ካቴኪስቱ በወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሥምሮ ጠበቀን፤ በአንድ አግዳሚ ሁለት ሰው ብቻ። አያቴ የቀድሞ ቦታቸው ከሁለቱ መስመሮች መካከል ሆኖ ቢያገኙት፣ መስመሩን በነጠላቸው ጫፍ አሻሽተው ተቀመጡ። ማንም ምንም አላላቸውም። ቁርባኑን አባ በእጃቸው እንዲቀበሉ አዘዙ፤ እስከዚያ ድረስ በምላሳቸው ብቻ የሚቀበሉት አያቴ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የሚያደርጉትን ሳያውቁ፣ ወፍ እንደ ያዘ ሕፃን ጣታቸውን አጠፉበት። አባ ቀስ ብለው፤ «እማማ፣ ይብሉት» አሏቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ወደ ላንጋኖ ወርጄ ነበር። የኖራው መስመር ከአንዱ አግዳሚ ሥር ጥቂት ቀርቷል። ያ የቀበሌ ልጅ ደግሞ ዕድገት አግኝቶ ወደ ወረዳ ተዛውሯል፤ በዓመት በዓል ቀን ወደ አያቴ ቤት መጥቶ ቡና ጠጣ። ተማሪዬን ሰኞ ዕለት አገኘዋለሁ፤ ይህን መጽሔት ልሰጠው አስቤአለሁ።